የምዕራቡ ግድግዳ ስንት ክንድ ነው?

ዶሃ፣ ኅዳር 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምሬ ይሻው
አምጃ ሚካኤል፣ ጉና

የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ ከደጅዎ አይለይ። አጎቴ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሙቀቱ በቀር የሚያስከፋኝ የለም። አባዬስ እንዴት ናቸው? ጆሯቸው ተሻለ ወይስ እንደዚያው ነው?

የጉባኤ ቤቱ ሥራ መጀመሩን ለማኅበራችን ነግሬ ሁሉም ተደስቷል። ተማሪዎቹ በዚያ ብርድ ከሚያንጠባጥብ ጎጆ ወጥተው ዜማቸውን በድንጋይ ቤት ሲማሩ ለማየት የማይጓጓ የአገራችን ልጅ እዚህ የለም። ማኅበሩ ጣሪያውን ችሏል። ነገር ግን ሥራው የት እንደደረሰ ከዚህ ሆኖ ማየት እንዲችል ጠይቆኛል፤ እሱን ላስረዳዎ።

እኔ እዚህ የምሠራው ይኼን ነው። አንድ ሕንፃ መሬት ላይ ከመቆሙ በፊት ኮምፒውተር ውስጥ ሙሉ ሆኖ ይቆማል። ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ እያንዳንዱ ስምና መጠን አለው። እኔ ከዚያ ዳሽቦርድ አወጣለሁ። ሾፌር ነዳጁን ከፊቱ እንደሚያይ ሁሉ፣ አለቆቹም ሕንፃው የት እንደደረሰ የሚያዩበት ገጽ ነው። ያልተጀመረው ግራጫ፣ የተጀመረው ቢጫ፣ ያለቀው አረንጓዴ ይሆናል። የተጻፈውና የሚታየው ካልተስማማ ደግሞ ቀይ ይሆናል። ግድግዳውን በጣት ሲነኩት መቼ እንደተጀመረና ቁመቱ ስንት እንደደረሰ ይናገራል። ለጉባኤ ቤቱም እንዲሁ አድርጌ ሠርቻለሁ።

አንቱ የሚያደርጉት አባዬ የለኩትን ከደብተራቸው መላክ ብቻ ነው። ትዝታ ደብረ ታቦር ባለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቷ ደብተሩንም ደብዳቤዎንም ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች፤ ወደ እናንተ ስትወጣም ግድግዳውን ታነሳልኛለች። አባዬ በክንድ እንጂ በሜትር እንደማይለኩ አውቃለሁ። ለዚህም መላ አለኝ። ከአገር ስወጣ ክንዳቸውን ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ለክቼው ነበር፤ 52 ሳንቲሜትር ነው። እሱን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አንድ ክንድ ሲሉ 52 ብሎ ይቆጥራል። ለማንኛውም ሜትር በሰው ልኬአለሁ።

የአባዬን ጉልበት ይሳሙልኝ።

ሄኖክ ሙላቴ


አምጃ ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሄኖክ

ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን። እኛ አምላከ ቅዱስ ሚካኤል የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። አባትህ ደህና ነው፤ ገብሱን አስገብቶ ጨርሷል። ጆሮው ግን እንደዚያው ነው። ጮኸህ ካልነገርኸው አይሰማም፣ ጮኸህ ስትነግረው ደግሞ «ምን ያስጮህሃል?» ይላል።

ደብዳቤህን ድንጋይ የሚጠርብበት ቦታ ድረስ ሄጄ አነበብሁለት። «ልጄ ዶሃ ተቀምጦ ድንጋዬን ሊቆጥር ነው?» ብሎ ሳቀ። የላክኸውን ሜትር ሳብ አደረገና ለቀቀው። «አየኸው ይሻው? ሲለቁት ወደ ቤቱ የሚሸሽ መለኪያ ምኑ ይታመናል? ክንዴ ካስቀመጥሁት ቦታ አይሸሽም» አለና ሚስማር ላይ ሰቀለው። እዚያው ተሰቅሏል።

የምሥራቁ ረጅም ግድግዳ ስምንት ክንድ ሞልቷል። ደብተሩን ትዝታ ትልክልሃለች። የመስኮቱ ብረትም ደብረ ታቦር ተበይዶ ደርሶልናል፤ እሱስ በሜትር ነው፣ ቁመቱ አንድ ከሃያ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ትዝታ ሰሌዳህን በስልኳ አሳየችኝ። ጥሩ ነው። ግን ማንን ነው የሚጠብቀው? ድንጋዩን ነው ወይስ እኛን? ስሜ ከግድግዳው አጠገብ «ኃላፊ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስቀድስ አንድም ሰው ከአጠገቤ ቀለም አብርቶ አያውቅም።

አጎትህ ቄስ ይሻው


ዶሃ፣ ጥር 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምሬ ይሻው

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም ያደርስዎ። የሜትሩን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬአቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የምሥራቁ ግድግዳ አረንጓዴ ሆኗል። በፎቶው ላይ ከመስኮቱ ብረት ጋር አስተያይቼ ለካሁት፤ አራት ሜትር ከአሥራ ስድስት። ስምንት ጊዜ 52 ልክ ይኸው ነው። አንዲት ጣት አልተሳሳቱም። አባዬን እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ፦ እዚህ ሌዘር የያዙት መሐንዲሶች እንዲህ አይለኩም።

ስለ ስምዎ አይቀየሙኝ። ማኅበሩ ሌላ ቦታ አንድ ጊዜ ተታሎ ነበርና ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል። ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች አረንጓዴ ሲሆኑ የጣሪያው እንጨትና ቆርቆሮ በዚያው ቀን ይታዘዛል ብለው ወስነዋል። አንደኛው ቀርቷል። ከክረምት በፊት ጣሪያው ካልወጣ ተማሪዎቹ ዘንድሮም በጎጆ ሊከርሙ ነው፤ ስለዚህ የምዕራቡን ያፋጥኑልኝ።

ለፋሲካ አባዬን ደብረ ታቦር ያውርዱልኝ። ትዝታ ጋ እደውላለሁ፤ ባይሰሙኝም ድምፃቸውን ልስማው። ጆሯቸውስ አሁን እንዴት ነው?

ሄኖክ


አምጃ ሚካኤል፣ የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለሄኖክ

እግዚአብሔር ያበርታህ። ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶኝ ነበር። ዘግይቻለሁ፤ ሥራ በዛብኝ።

የምዕራቡ ግድግዳ ስምንት ክንድ ሞልቷል። ደብተሩ ይኸው ከነቀኑ። እንግዲህ በቃልህ ጣሪያውን እዘዝ። ሁለቱ አጫጭር ግድግዳዎች ከጣሪያው ልክ ጋር ይነሳሉ፣ እነሱ አያስቸግሩም።

ስለ አባትህ ጆሮ ጠይቀህ ነበር። ስለ ጆሮው ከእንግዲህ አታስብ። አንተ ራስህን ጠብቅ፣ እህል ብላ፣ ጸሎትህን አታስታጉል።

አጎትህ ቄስ ይሻው


ዶሃ፣ መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምሬ ይሻው

ጾሙን የበረከት ያድርግልን። እንደምን አሉ?

ሳልሸፍን እጽፍልዎታለሁ። የምዕራቡ ግድግዳ ቀይ ሆኗል። ደብተሩ ስምንት ክንድ ይላል። ትዝታ ከላከችው ፎቶ ላይ በመስኮቱ ብረት ለካሁት፤ ሦስት ሜትር ከስድሳ ስምንት ነው። አርባ ስምንት ሳንቲሜትር ጎድሏል። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት።

ሌላም ነገር አለ። እሸቴን ያውቁታል፣ የእብናቱን፤ እዚህ ሾፌር ነው። ወንድሙ ጥር ላይ በእናንተ በኩል ሲያልፍ ሰዎች ጥርብ ድንጋይ ከሥራው ቦታ ተሸክመው ሲወጡ አይቷል። «መምሬ ይሻው ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር» ብሎታል። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ አንቱ ደብረ ታቦር ቦታ ሊሠሩ ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እኔ አላመንሁም። ግን ይኼ ድንጋይ የት ሄደ? ያልተካበስ ለምን እንደተካበ ተጻፈ?

ማኅበሩ ቀዩን አይቶ ጠይቆኛል። «የልኬት ስሕተት ይሆናል» ብዬ አቆይቻቸዋለሁ። ዋሽቼልዎታለሁ ማለት ነው።

ደብተሩስ ላይ ያለው ጽሕፈት ለምን የእርስዎ ብቻ ሆነ? አባዬ ቁጥሩን በጭረት ምልክት ያደርጉ ነበር። ጭረቶቹ ከጥር ወዲህ የሉም።

ሄኖክ


አምጃ ሚካኤል፣ መጋቢት 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ሄኖክ ሙላቴ

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ይኼን ደብዳቤህን ትዝታ አንብባ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም፤ ተናድጃለሁ። አንተን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ፊደል ያስቆጠርሁ እኔ ነኝ። ዛሬ በአንድ የእብናት መንገደኛ ወሬ ሌባ አደረግኸኝ።

ደብረ ታቦር ቦታ የለኝም። ቢኖረኝም በቤተ ክርስቲያን ድንጋይ አልሠራበትም። ድንጋይ ተሸክመን ወጥተናል፤ አልክድም። ሃያ ሁለት ጥርብ ድንጋይ ነው። በሚገባው ቦታ ነው ያዋልነው። የት እንደሆነ ዛሬ አልነግርህም፣ ቀኑ ሲደርስ ታውቀዋለህ።

ግድግዳው ስምንት ክንድ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ተቆጥሮ አይቻለሁ። ያንተ ሰሌዳ አልቆጠረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ደግሞ ወረቀትህን ብርሃን አልብሰህ ይዘኸዋል።

ግንቦት ሲገባ እዚህ በረዶ ይጥላል። ባለፈው ክረምት ሁለት ተማሪ በሳምባ ምች ታሞብን በቃሬዛ አውርደናል። እኔን ጠርጥረኝ፣ ተማሪዎቹ ግን ምን አደረጉህ?

ቄስ ይሻው


ዶሃ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምሬ ይሻው

ጤና ይስጥልኝ።

«ዛሬ አልነግርህም» የሚለውን መልስ ለማኅበሩ ማቅረብ አልቻልሁም። ትናንት ተሰብስበው የጣሪያውን ትዕዛዝ አገዱት። ያስታገድሁት እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። የማምነው አንድ ግንበኛ አለኝ፣ እሳቸውም አባቴ ናቸው። አባዬ ከምዕራቡ ግድግዳ አጠገብ ቆመው፣ ክንዳቸውን ከመስኮቱ ብረት ጎን ዘርግተው ትዝታ ፎቶ ታንሳልኝ። እሳቸው «ይኼን እኔ ለክቼዋለሁ» ካሉኝ ኮምፒውተሩን ጥዬ እሳቸውን እይዛለሁ። ጣሪያው በማግስቱ ይታዘዛል።

ለፋሲካ እደውላለሁ፤ ይዘዋቸው ይውረዱ።

ሄኖክ


አምጃ ሚካኤል፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለሄኖክ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። እንኳን አብሮ አደረሰን።

ለፋሲካ አባትህን ደብረ ታቦር ማውረድ አልሆነልኝም። ስልክህ ሲጠራ ትዝታ ያላነሳችው ለዚህ ነው፤ እሷን አትውቀሳት።

የጠየቅኸው ክንድ ይኸው፣ ከብረቱ ጎን። የለበሰውን ጋቢ ታውቀዋለህ። ፊት አልወጣም፤ ትዝታ ፎቶ ማንሳት አልሆነላትም። አሁን ጣሪያውን እዘዝ። እንደ ሽማግሌ አዝሃለሁ፣ እንደ አጎት እለምንሃለሁ።

ይሻው


ዶሃ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ

ፎቶው ደርሶኛል። ጋቢውንም አውቄዋለሁ፤ ጥለቱን እናቴ ናት የመረጠችው።

ክንዱን በብረቱ ለካሁት። 46 ነው።

መጀመሪያ ተናደድሁ። ቀጥሎ ተነስቼ የግድግዳውን ቁጥር ሁሉ እንደገና አወጣሁ። ከመሬት እስከ መስኮቱ ደፍ ደብተሩ ሁለት ክንድ ይላል፤ ፎቶው ላይ 92 ነው። ለሁለት ሲካፈል 46። ከመስኮቱ በላይ ያለው የጉበን ድንጋይ ጫፍ አምስት ክንድ ላይ ነው ይላል፤ ሁለት ሜትር ከሠላሳ። 46። ጠቅላላው ስምንት ክንድ፣ ሦስት ሜትር ከስድሳ ስምንት። 46። ከታችም፣ ከመሐልም፣ ከላይም አንድ ነው። የሚሰርቅ ሰው ከላይ ይቆርጣል እንጂ በየክንዱ ስድስት ስድስት ሳንቲሜትር እኩል አይሰርቅም። ይኼን ግድግዳ የለካ ሰው አልዋሸም። በገዛ ክንዱ ነው የለካው። የአባዬ ግን አይደለም።

ከዚያ ደብዳቤዎችዎን አወጣሁ። ታኅሣሥ ላይ «አባትህ ደህና ነው» ብለው ጽፈውልኛል። ከጥር ወዲህ ሦስት ጽፈዋል። በሦስቱም ውስጥ ያ ቃል የለም። አንቱ ቄስ ነዎት፤ መጻፍ አቃተዎት።

ለማኅበሩ ምንም አልነገርሁም። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፦ ከጥር ወዲህ ግድግዳው ላይ የሚዘረጋው ክንድ የማን ነው?

ሄኖክ


አምጃ ሚካኤል፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሄኖክ

አምላከ ቅዱስ ሚካኤል ከጎንህ ይቁም።

የጠየቅኸኝን እመልሳለሁ። ክንዱ የእኔ ነው።

ከዚህ በላይ በወረቀት አልነግርህም፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን ላለ ሰው አይላክም። ዓርብ የዕረፍት ቀንህ ነው። በጠዋት እዚያ የሚያገለግሉት ቀሲስ ዘውዱ ከእሸቴና ከማኅበራችሁ ሰዎች ጋር ይመጣሉ። ተነጋግረናል። በሩን ክፈትላቸው። ልብስህን ለብሰህ፣ ተቀምጠህ ጠብቃቸው። አልቅስ፣ አይከልክሉህ።

ሁለተኛውን ገጽ ትዝታ የምትልክልህ እነሱ ካዩህ በኋላ ነው።

*

ሁለተኛ ገጽ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ።

ጥር አሥራ አምስት ቀን ነው። አባትህ የምዕራቡን የመጀመሪያ ድንጋይ ሊያስቀምጥ ጠርቦ ጨረሰና «ደረቴን» አለ። ጋደም አደረግነው። ቃሬዛ ስናበጅ «ተዉት፣ ይኼን ድንጋይ አስቀምጡልኝ» አለን። አስቀመጥነው፣ አየው። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

መርዶህን በማግስቱ ልናስነግርህ ነበር። ሥራ ላይ ነው፣ ፈቃድ አያገኝም፣ ብቻውን ያብዳል ተባለ። አርባው ይውጣ አልን። አርባው ወጣ፣ ሁዳዴ ገባ። ፋሲካን ሳይከፋው ይዋል አልን። እንዲህ እያልን ሦስት ወር ተኩል ሞላን። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሥራው ቢቆም ለምን ብለህ ትጠይቃለህ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ደብተሩን ይዤ እኔ መለካት ጀመርሁ። ክንድ ክንድ ነው ብዬ ነበር። ግንበኛው ታደሰ «መምሬ፣ ይኼኛው ከዚያኛው አጠር አለብኝ» ቢለኝ «ስምንት ቆጥሬአለሁ፣ ዝም ብለህ ካብ» አልሁት። አባትህ ከእኔ ቁመቱ እንደሚበልጥ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ይቀልድብኝ ነበር። ያን ቀን ግን አላሰብሁትም። ለፎቶው ጋቢውን ለብሼ የቆምሁበትን ኃጢአት ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ አሁን ላንተም ነገርሁ።

እሸቴ የነገረህ ድንጋይ ሃያ ሁለቱም አባትህ በገዛ እጁ የጠረበው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደቡብ በኩል፣ በመቃብሩ ላይ ነው ያለው። ሰሌዳህ ጎደለ ካለ ከዚያ ቁጠረው።

ጠርጥረኸኛል። ልክ ነበርህ፤ የደበቅሁት ነገር ነበረኝ። ይቅር በለኝ።

አጎትህ ይሻው


ዶሃ፣ ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምሬ ይሻው

እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን።

ቀሲስ ዘውዱ መጡ። ከበሩ ሲገቡ አውቄ ነበር፣ ግን ሰው ሲናገረው ሌላ ነው። ሦስት ቀን ቤቴ ሰው አልተለየውም። እሸቴ ወለል ላይ ነበር የሚተኛ። አስተዛዝኖኝ ሲያበቃ እሱም ስለ ወሬው ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔ ደግሞ አንቱን እጠይቃለሁ። ሌባ ብዬዎት ነበር። እግርዎ ላይ ወድቄ እስክነሣ ድረስ በዚህ ወረቀት ይያዙልኝ።

ተቆጥቻለሁም። አልደብቅዎትም። ከሦስት ወር በላይ በሕይወት የሌሉ አባቴን ደብረ ታቦር ያውርዱልኝ ስል ኖሬአለሁ። ይኼ በአንድ ደብዳቤ የሚወጣ አይደለም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ክንድ አስገብቻለሁ፤ ለምሥራቁ ግድግዳ 52፣ ለምዕራቡ 46። የምዕራቡ ግድግዳ ያን ጊዜውኑ አረንጓዴ ሆነ። ማኅበሩም አይቶ የጣሪያውን ትዕዛዝ ትናንት ለቋል። ደብረ ታቦር ያሉት አናጢዎች እስከ ሰኔ አምስት እናደርሳለን ብለዋል።

ግድግዳውን አታፍርሱ፣ አትጨምሩበትም። ጣሪያውን እንደገና ሣልሁት። ሁለት ክንፍ መሆኑ ቀርቷል፤ ከአባዬ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ አንቱ ግድግዳ አንድ ወጥ ሆኖ ያዘነብላል። ወርዱ አምስት ሜትር ነው፣ ልዩነቱ አርባ ስምንት ሳንቲሜትር፤ ለቆርቆሮ የሚበቃ ተዳፋት ነው። ዝናቡም በረዶውም በምዕራብ በኩል ወደ ገደሉ ይወርዳል። ለታደሰ ይንገሩት፦ ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ ገመድ ይወጥር፣ አጫጭሮቹን ግድግዳዎች በገመዱ ልክ ይካባቸው።

ሜትር አልክልዎትም። የተሰቀለውም ይሰቀል። የቀረውን በክንድዎ ይለኩት፤ አሁን አውቀዋለሁ።

የምሥራቁን ግድግዳ ግን ማንም እንዳይለስነው። ሐምሌ ላይ ፈቃድ አግኝቻለሁ። መጀመሪያ ወደ ደቡብ በኩል እሄዳለሁ። ከዚያ እዚያ ግድግዳ ስር ቆሜ በራሴ ክንድ ከታች ጀምሬ እለካዋለሁ፤ አንቱ ቁጥሩን በአባዬ ደብተር ላይ ይጻፉልኝ።

ሄኖክ